ያጠናሁትን ሁሉ ጽፌ ለምን ውጤቴ ዝቅ አለ?

ጥያቄ

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ ነኝ። ትምህርቱን የመረጥኩት ወድጄ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። አሁን ግን ደብተሬን ስከፍት ሆዴ ይረበሻል።

ባለፈው ፈተና ስድስት የኤሴይ ጥያቄዎች ቀርበው ሦስቱን መርጠን በሦስት ሰዓት እንድንመልስ ታዘዝን። አንዱ «በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ለተገኘው ድል የዐፄ ምኒልክ አመራር እስከ ምን ድረስ ወሳኝ ነበር?» ይላል። ሳየው ደስ አለኝ። የአድዋን ጦርነት መንስኤ፣ ሂደትና ውጤት በቃሌ ይዤዋለሁና ከውጫሌ ውል ጀምሬ እስከ አዲስ አበባው የሰላም ስምምነት ድረስ ስድስት ገጽ ሞላሁ። ለሁለተኛው ጥያቄ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ የቀረኝ አሥር ደቂቃ ነበር፤ ግማሽ ገጽ ሳልሞላ ወረቀቱ ተሰበሰበ። እያንዳንዱ ከ20 ይታረማል፤ ያገኘሁት በቅደም ተከተል 13፣ 8 እና 2 ነው። ድምሩ ከ60፣ 23። መምህሩ በአድዋው መልሴ ግርጌ «ታሪኩ ተተርኳል፤ ጥያቄው ግን አልተመለሰም» ብለው ጽፈዋል።

ከእኔ በጣም ባነሰ ሰዓት የምታጠና ጓደኛዬ 41 አመጣች። እኔ ሌሊቱን ሳነብ የማድር ሰው ነኝ። አባቴ «ልጄ የታሪክ ምሁር ልትሆን ነው» እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል፤ ውጤቴን ግን እስካሁን አልነገርኩትም። ቀጣዩ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ አሥር ምዕራፍ ይሸፍናል፤ አወጣጡም እንዳለፈው ነው። ትምህርት ክፍል ስለመቀየር እያሰብኩ ነው። ማመልከቻ የሚቀበሉት ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ነው። ልቀይር ወይስ ልቆይ? ከቆየሁስ ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ

መልስ

ውድ እኅቴ፣

ሌሊቱን ሲያነቡ አድሮ 23 ማየት ያማል። ያንን ቁጥር ለአባትም ለማንም ሳይናገሩ ለብቻ ይዞ መዞር ደግሞ ሕመሙን ያከብደዋል። ሆድሽ ቢረበሽ አይገርምም፤ ደብተሩን በከፈትሽ ቁጥር የምታይው ታሪኩን ሳይሆን ውጤቱን ሆኗል።

ከላክሽልኝ ቁጥሮች ውስጥ ግን አንቺ ያላየሽው አንድ ነገር ይታየኛል። 13 ያገኘሽበት መልስ መምህሩ «አልተመለሰም» ያሉት ነው። ጥያቄውን ሳትመልሺ ከ20፣ 13 አግኝተሻል። ስለዚህ የጎደለሽ እውቀት አይደለም፤ የጥናት ትጋትም አይደለም። የጎደለሽ ያወቅሽውን ለተጠየቀው ጥያቄ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ነው። ይህ ደግሞ በልምምድ የሚመጣ ሥራ ስለሆነ ሦስት ሳምንት ለጥሩ ለውጥ ይበቃዋል።

በመጀመሪያ ስለ ሰዓቱ እንነጋገር፤ ከሁሉ ቀላሉና ብዙ ነጥብ የሚያስገኘው እሱ ነውና። ስድስት ገጽ የጻፍሽበት መልስ 13 አምጥቷል። በዚያ ላይ ሌላ ግማሽ ሰዓት ብትጨምሪ 14 ወይም 15 ቢደርስ ነው። ያንን ግማሽ ሰዓት ለሦስተኛው ጥያቄ ብትሰጪው ግን 2 የነበረው 8 ወይም 9 ሊሆን ይችላል። በኤሴይ ፈተና የመጀመሪያዎቹ ነጥቦች ቶሎ ይገኛሉ፣ የመጨረሻዎቹ ግን ብዙ ሰዓት ይበላሉ። ስለዚህ አንድ ጥያቄ የቱንም ያህል ብትወጂው ከድርሻው በላይ ሰዓት አትስጪው።

ክፍፍሉ እንዲህ ይሁን። ሦስት ሰዓት 180 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ስድስቱን ጥያቄዎች ለማንበብና ሦስቱን ለመምረጥ ተጠቀሚበት። ለእያንዳንዱ ጥያቄ 55 ደቂቃ ያዢ፤ 8 ደቂቃ ለንድፍ፣ 42 ደቂቃ ለመጻፍ፣ 5 ደቂቃ መልሶ ለማንበብ። 5 ደቂቃ በመጨረሻ ይተርፍሻል። ፈተናው እንደተጀመረ እያንዳንዱ ጥያቄ የሚያልቅበትን ሰዓት በረቂቅ ወረቀት ጥግ ላይ ጻፊ። ሰዓቱ ሲደርስ ዐረፍተ ነገሩን ጨርሺ፣ አምስት መስመር ክፍት ቦታ ተዪና ወደሚቀጥለው እለፊ። ጊዜ ከተረፈሽ ትመለሻለሽ። መጀመሪያ ላይ ይህን ማድረግ ይከብዳል፤ እጅ በሚያውቀው ነገር ላይ መቆም አይወድም። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ መለማመድ ያለብሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጥያቄው የጠየቀሽ የአድዋን ታሪክ እንድትነግሪ አልነበረም። «እስከ ምን ድረስ» ሲል ሚዛን ነው የሚፈልገው፤ ይህን ያህል በአመራሩ፣ ይህን ያህል ደግሞ በሌላ ምክንያት እንድትይው ይጠብቃል። «አነጻጽሪ» ቢል ሁለቱን ጎን ለጎን በአንድ አንቀጽ ውስጥ እያስኬድሽ እንድትጽፊ ነው፤ ብዙዎች ሁለት ገጽ ስለ አንዱ፣ ሁለት ገጽ ስለ ሌላው ጽፈው ማነጻጸሩን ለአራሚው ይተዉለታል። «ምክንያቶቹን አብራሪ» ቢል ደግሞ የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥና እንዴት እንደተያያዙ ማሳየት እንጂ መደርደር አይበቃም። የምትመርጪውን ጥያቄ ካነበብሽ በኋላ ትእዛዙን፣ የዘመኑን ወሰንና ርእሰ ጉዳዩን አስምሪባቸው። ከዚያ ለራስሽ «መልሴ በአንድ ዐረፍተ ነገር ምንድን ነው?» በይ። ዐረፍተ ነገሩ እስኪመጣ መጻፍ አትጀምሪ።

ለዚያው ለአድዋው ጥያቄ አንድ መልስ እንሞክር። «የምኒልክ አመራር የተከፋፈሉ መኳንንትን አንድ አድርጎና አስታጥቆ አድዋ ላይ ለማሰለፍ ወሳኝ ነበር፤ ድሉ ያን ያህል የተሟላ የሆነው ግን በጣሊያን አዛዦች ስሕተትና በሌሎች የጦር መሪዎች ጭምር ነው።» ይህ ዐረፍተ ነገር ክርክር አለበት፤ አንድ ሰው ሊቃወመው ይችላል። ሊቃወሙት የማይቻል ዐረፍተ ነገር፣ ለምሳሌ «ለአድዋ ድል ብዙ ምክንያቶች ነበሩ» የሚለው፣ መልስ አይሆንም። ዐረፍተ ነገሩን ካገኘሽ በኋላ በንድፉ ላይ አራት ነጥብ ታወጪያለሽ፦ መኳንንቱን ማስተባበር፤ ለዓመታት የተካሄደው የመሣሪያ ዝግጅት፤ የእቴጌ ጣይቱ፣ የራስ መኮንንና የራስ አሉላ ድርሻ፤ በመጨረሻም የጣሊያን ስሕተት። ከየነጥቡ ሥር ሁለት ወይም ሦስት ማስረጃ በአጭሩ ትጽፊያለሽ። ንድፉ ይኸው ነው፤ ስምንት ደቂቃ ይበቃዋል።

ልዩነቱ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚወጣው ግን አንቀጽ ውስጥ ነው። ያንቺ መልስ ምናልባት እንዲህ ዓይነት አንቀጽ ሳይኖረው አይቀርም፦

«በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ አወጁ። ከዚያም ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ሰሜን ዘመቱ። ኅዳር 28 ቀን በአምባላጌ ጦርነት ተደረገ፤ ጣሊያኖችም ተሸነፉ። ቀጥሎ የመቀሌ ምሽግ ተከበበ።»

አንድም ስሕተት የለበትም። ነገር ግን አራሚው ሲያነበው «ታዲያስ?» ብሎ ይጠይቃል። በዚሁ ጉዳይ ላይ የተጻፈ ሌላ አንቀጽ ተመልከቺ፦

«የምኒልክ አመራር ይበልጥ የታየው በውጊያው ቀን ሳይሆን ተቀናቃኞችን በአንድ ሰልፍ በማሰለፉ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው የተሸነፉ ናቸው፤ የትግራዩ ራስ መንገሻ ዮሐንስም እስከ 1886 ዓ.ም. ለምኒልክ ሙሉ በሙሉ አልገቡም ነበር። በ1888 ዓ.ም. ግን ሁለቱም ከራስ መኮንንና ከራስ ሚካኤል ጋር አብረው ዘመቱ። ጣሊያን በመኳንንቱ መከፋፈል ላይ የጣለችው ተስፋ የከሸፈው በዚህ ነው፤ 100,000 ያህል የሚገመት ሠራዊት አንድ ቦታ ባይሰበሰብ ኖሮም ጣሊያኖች በኋላ የሠሩት ስሕተት ብቻውን ለድል ባላበቃ ነበር።»

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢረዝምም የተጠቀመበት እውነታ ከደብተርሽ የሚገኝ ነው። ግን የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አንድ ነገር ይከራከራል፤ መካከሉ ስምና ዓመት ይዞ ያስረግጣል፤ መጨረሻው ደግሞ ማስረጃው ከጥያቄው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ይናገራል። በአብዛኛው የሚጎድለው ይህ መጨረሻው ነው። ተማሪው ግንኙነቱ ለራሱ ግልጽ ስለሆነለት አራሚውም ያየዋል ብሎ ያልፈዋል። አራሚው ግን ነጥብ የሚሰጠው ለተጻፈው ነው። እያንዳንዱን አንቀጽ ስትጨርሺ «ይህም ስለዚህ ነው ለጥያቄው የሚጠቅመው» የሚል ሐሳብ መኖሩን እዪ።

ክርክርሽን የሚቃወመውን ማስረጃ ደብቀሽ እንዳታልፊው። ስለ አድዋ ስትጽፊ የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ከሮም፣ ከጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ፣ ግፊት እንደነበረበት፣ 17,000 ገደማ የሚሆን ጦሩን በሌሊት በአስቸጋሪ መሬት ላይ እንዳንቀሳቀሰ፣ የጄኔራል አልበርቶኔ ብርጌድ ከታሰበለት ቦታ አልፎ ሄዶ ከሌሎቹ እንደተነጠለ ማንሣት አለብሽ። የኢትዮጵያ ሠራዊት ስንቅም እየተሟጠጠ ነበር፤ ባራቲየሪ ቢታገስ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው ማስረጃ አለው። ይህን አምጥተሽ «ቢሆንም» ብለሽ ስትመልሺለት መልስሽ ይጠነክራል። ሳታነሺው ብታልፊ ግን አራሚው ያላወቅሽው ይመስለዋል።

ምክንያቶችን ማመዛዘን የሚከብድሽ ከሆነ አንድ መፈተኛ ልስጥሽ፤ ከሌላ ምዕራፍ በመጣ ምሳሌ ይሁን። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያቶች ሲጠየቁ ሁሉም ተማሪ የጦር ቃል ኪዳኖችን፣ የመሣሪያ እሽቅድድሙን፣ የቅኝ ግዛት ፉክክርንና ብሔርተኝነትን ይዘረዝራል፤ መጨረሻ ላይ የሳራዬቮውን ግድያ ያመጣል። አሁን እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ በ1908 የቦስኒያ ቀውስ፣ በ1911 የሞሮኮ ቀውስ፣ በ1912 እና በ1913 ደግሞ የባልካን ጦርነቶች ነበሩ (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ቃል ኪዳኖቹም፣ ፉክክሩም፣ ብሔርተኝነቱም ያኔ ነበሩ፤ ኃያላኑ ግን እርስ በርስ አልተዋጉም። ታዲያ ሰኔ 28 ቀን 1914 እ.ኤ.አ. የኦስትሪያ-ሃንጋሪ አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ከተገደለ በኋላ ምን የተለየ ነገር ተፈጠረ? ወዲያውኑ ትንተና ውስጥ ገባሽ። ጀርመን በሐምሌ መጀመሪያ ለኦስትሪያ-ሃንጋሪ የሰጠችው ያልተገደበ ድጋፍ፣ የሩሲያ ሠራዊት መከተት፣ አንዴ ከተጀመረ ለማቆም የሚያስቸግረው የጀርመን የጦር ዕቅድ፣ እያንዳንዳቸው ትርጉም ያገኛሉ። «ከዚህ በፊት ይህ ምክንያት እያለ ውጤቱ ለምን አልመጣም?» እና «ይህ ባይኖር ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች የትኛውንም ዝርዝር ወደ ክርክር ይለውጡታል።

መግቢያሽ አጭር ይሁን፤ አራት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። መልስሽን እዚያው ተናገሪ፣ በምን ነጥቦች እንደምታስረጂው ጠቁሚ፣ አለቀ። «ታሪክ ማለት ያለፈው ዘመን ጥናት ነው» ወይም «ከጥንት ጀምሮ» ብሎ መጀመር ጊዜ ከመብላት በቀር ጥቅም የለውም። በመደምደሚያው አዲስ ማስረጃ አታምጪ፤ የትኛው ምክንያት ከየትኛው እንደበለጠና ለምን እንደሆነ ፍረጂ።

ጓደኛሽ ባነሰ ሰዓት የተሻለ ማምጣቷ የሚያናድድ ቢሆንም ለአንቺ ጥሩ ዕድል ነው። የመልስ ወረቀቷን እንድታሳይሽ ጠይቂያት። ያንቺንም ለእሷ ስጪያት፤ ጥያቄውን ግን ሸፍኚው። የእያንዳንዱን አንቀጽ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ብቻ አንብባ ጥያቄው ምን እንደነበር ትገምት። «የአድዋ ጦርነት እንዴት ተካሄደ?» የሚል ግምት ከሰጠች መልስሽ ትረካ ነው። «የምኒልክ አመራር ምን ያህል ወሳኝ ነበር?» ካለች በትክክል እየሄድሽ ነው። ይህን መፈተኛ በየልምምዱ ላይ ለብቻሽም ልትጠቀሚበት ትችያለሽ።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌሊቱን ሲያነብ የሚያድረው ዓይንሽ ነው ወይስ እጅሽም ይሠራል? ደብተር ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ገጹን ስታዪው ስለምትለይው በቃልሽ የያዝሽው ይመስልሻል። ፈተና ላይ ግን ገጹ የለም። ደብተሩን ዘግቶ በባዶ ወረቀት ላይ የሚታወሰውን መጻፍ፣ ከዚያ ከፍቶ የጎደለውን በሌላ ቀለም መሙላት ከንባቡ እጅግ የተሻለ ይይዛል። ያንኑ ምዕራፍ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ መልሰሽ ብትሞክሪው በሌላ ቀለም የምትሞይው እያነሰ ሲሄድ ታያለሽ። እንቅልፍሽንም አትቁረጪው፤ ያጠኑት የሚረጋው በእንቅልፍ ነው።

አሥሩንም ምዕራፍ እኩል ማጥናት አያስፈልግሽም። ስድስቱ ጥያቄዎች ከስድስት የተለያዩ ምዕራፎች የሚወጡ ከሆነ ሰባት ምዕራፍ በደንብ ያዘጋጀ ተማሪ ቢያንስ ሦስት የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ያገኛል፤ ስምንት ያዘጋጀ ደግሞ ቢያንስ አራት አግኝቶ የመምረጥ ዕድል ይኖረዋል። ስምንቱን ያዢ። የቀሩትን ሁለቱን አንድ ጊዜ አንብበሽ እለፊያቸው፤ አንዳንድ ጥያቄ ሁለት ምዕራፎችን ያገናኛልና። ከሰባት በታች መምረጥ ግን ቁማር ነው፤ አታድርጊው።

በመጀመሪያው ሳምንት ለስምንቱ ምዕራፎች አንድ አንድ ገጽ አዘጋጂ፤ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ከላይ ሊጠየቁ የሚችሉ ሦስት ጥያቄዎችን ጻፊ። ከሥር አራት ወይም አምስት የክርክር ነጥቦች፣ ከየነጥቡ ሥር ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ማስረጃ ይግቡ። ከዳር የታሪክ ጸሐፊዎች የሚለያዩበትን አንድ ነጥብ መዝግቢ፤ ስማቸውን ብቻ ሳይሆን የሚከራከሩበትን ነገር። ዓመተ ምሕረት ለአንድ ምዕራፍ ከስድስት እስከ ስምንት ይበቃል። ማስታወሻሽን በዘመን ቅደም ተከተል ብትይዥው በፈተና ላይም በዚያው ቅደም ተከተል ነው የሚመጣልሽ፤ ወደ ትረካ የሚጎትትሽም አንዱ ይህ ይመስለኛል። በክርክር ነጥብ ከፋፍለሽ ብትይዥው አወጣጡም እንደዚያው ይሆናል።

በሁለተኛው ሳምንት የድሮ ፈተናዎችን አሰባስቢ። በየቀኑ ሁለት ጥያቄ መርጠሽ በ8 ደቂቃ ንድፍ ብቻ አውጪ፤ በየሁለት ቀኑ ደግሞ አንዱን በ55 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ጻፊ። በእጅሽ፣ በብዕር፣ በሚደወል ሰዓት። ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ መጻፍ እጅሽ ሦስት ሰዓት መቆየት እንዲችል አያለማምደውም። በ42 ደቂቃ ስንት ገጽ እንደምትሞዪም ታውቂያለሽ፤ ሦስት ገጽ ተኩል ከሆነ ንድፍሽን ለዚያ ልክ አድርጊው። የሚገርመው፣ አጠር ያለና የተጠየቀውን የሚመልስ ጽሑፍ ስድስት ገጹን የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። በቃል የተያዘ ሙሉ መልስ ግን አታዘጋጂ። ባለፈው ፈተና ላይ የጎዳሽ እሱ ነው፤ የተዘጋጀው መልስ ለተጠየቀው ጥያቄ አልገጠመም።

በሦስተኛው ሳምንት ሦስቱንም ጥያቄ በአንድ ጊዜ፣ በሦስት ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ ተፈተኚ። በሁለቱ መካከል ቢያንስ አንድ ቀን ይረፍ። በመጨረሻው ቀን ስምንቱን ገጾች ብቻ አይተሽ በጊዜ ተኚ።

ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚሳሳትበት ስለሆነ። በአንድ መልስ ውስጥ አንዱን አቆጣጠር ይዘሽ ቆዪ፤ ሌላውን መጠቀም ካስፈለገሽ «እ.ኤ.አ.» ብለሽ ለዪው። ስትለውጪም ሁልጊዜ ስምንት አትደምሪ። የአምባላጌውና የአድዋው ጦርነት ሁለቱም በ1888 ዓ.ም. ናቸው፤ በአውሮፓውያኑ ግን የኅዳሩ በ1895፣ የየካቲቱ በ1896 ይውላል። ከመስከረም እስከ አውሮፓውያኑ አዲስ ዓመት ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው። ዓመቱ ከጠፋብሽ ደግሞ ገምተሽ ከመጻፍ «የውጫሌ ውል ከፈረሰ በኋላ» ወይም «በ1880ዎቹ መጀመሪያ» ማለት ይሻላል። የተሳሳተ ቁጥር ክርክርሽን ያፈርሳል፤ ትክክለኛ ቅደም ተከተል ግን ያቆመዋል።

ፈተና ላይ ድንገት ሁሉም ነገር ቢጠፋብሽ ጥያቄውን በራስሽ አነጋገር ረቂቁ ላይ ጻፊና ከሥሩ የመጣልሽን ማንኛውንም ስም፣ ቦታ፣ ዓመት ያለ ቅደም ተከተል በትኚ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ሌላውን መጥራት ይጀምራል። ካልጀመረ ወደ ሌላው ጥያቄ እለፊ። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ጊዜ ቢያጥርሽ ደግሞ መግቢያውን ጻፊ፣ የቀሩትን ነጥቦች ከነማስረጃቸው በአጭር በአጭሩ አስቀምጪ፣ አንድ የፍርድ ዐረፍተ ነገር ጨምሪ። ግማሽ ገጽ ከጦርነቱ መነሻ ጀምሮ ከመተረክ ይህ ብዙ ነጥብ ያመጣል።

መምህርሽ ያንን አስተያየት መጻፋቸው ወረቀትሽን አክብረው እንዳነበቡት ያሳያል። በዚህ ሳምንት ሂጂና አነጋግሪያቸው። «ውጤቴ ለምን አነሰ?» ብለሽ ብትጠይቂ መልሱ አጠቃላይ ይሆናል። ከስድስቱ ገጾች አንድ አንቀጽ መርጠሽ፣ በአዲሱ መልክ እንደገና ጽፈሽ፣ ሁለቱንም ይዘሽ ቅረቢ። «መምህር፣ ይህ ወደ ጥያቄው ቀርቧል? አሁንስ የሚጎድለው ምንድን ነው?» በያቸው። ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ አምስት ደቂቃ የማይሰጥ መምህር ጥቂት ነው። ባይመቻቸው ለሌላ የክፍሉ መምህር ወይም ከፍ ላለ ዓመት ተማሪ አሳዪው።

ለአባትሽስ? መቼና እንዴት እንደምትነግሪው የምታውቂው አንቺ ነሽ። አባትሽ የሚኮራው በቁጥሩ ነው ወይስ የምትወጂውን በመማርሽ? ፈተናው ሳይደርስ ብትነግሪው ሸክሙ ይቀልልሽ እንደሆነ፣ ወይስ ይበልጥ ያስጨንቅሽ እንደሆነ አስቢበት። የምትነግሪው ከሆነ ውጤቱን ብቻ አትንገሪው፤ መምህሩ ምን እንዳሉና አንቺ ምን እያደረግሽ እንደሆነም አብረሽ ንገሪው። ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም ከሌላ ሰው ከሚሰማው ካንቺ ቢሰማ እንደሚሻል ግን አምናለሁ።

ትምህርት ክፍል መቀየሩን አሁን አትወስኚ። ማመልከቻው የሚቀርበው ከውጤት በኋላ ነውና የሚያጣድፍሽ ነገር የለም። ውጤቱ ሲወጣ ድምሩን ብቻ ሳይሆን ሦስቱን ነጥቦች ለየብቻ እያቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው መልስ ወደ መጀመሪያው ተጠግተው ካገኘሻቸው ችግሩ የፈተናው አሠራር ነበር ማለት ነው፤ ትምህርቱ አይደለም። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ደግሞ ራስሽን አስተውዪ፦ ክርክር እየፈለግሽ ስትጽፊ ያ የድሮው ፍቅር ትንሽ ይመለሳል? ወይስ በደንብ እየጻፍሽም ቢሆን ልብሽ ሌላ ቦታ ነው? ሁለተኛው ከሆነ መቀየር ሽንፈት አይደለም፤ ከአማካሪ መምህርሽ ጋር ቁጭ ብለሽ ልትገቢበት ያሰብሽው ክፍል ምን እንደሚጠይቅ፣ ከተማርሻቸው ኮርሶች የትኞቹ እንደሚያዙልሽ ጠይቂና ከዚያ ወስኚ።